ለእናቴ የኦክስጅን ማሽን ከአሜሪካ ይምጣ ወይስ ይቅር?

የሳሪስ ልጅ | ኅዳር 16

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ግን እኛን ያሳደገችን እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው፤ ያውም በእንጨትና በባሕር ዛፍ ቅጠል። ማድቤቱ መስኮት የለውም። ለዓመታት ሳል ሲበዛባት «ብርድ ነው»፣ ሲያፍናት «አስም ነው» ስንባል ኖርን። ዘንድሮ አንድ ሐኪም በቱቦ የሚነፋውን ምርመራ አስደረገልንና ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ነው አለ። ሰማያዊውን ፓፍና ጠዋት ማታ የሚወሰድ ሌላ ፓፍ አዘዘላት።

በጣት የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ ቁጭ ብላ 90፣ 91 በመቶ ያሳያል። ሱቅ ደርሳ ስትመለስ 86 ይላል። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ደግሞ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው ያደረችው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። ባለ 5 ሊትር የኦክስጅን ማሽን ልግዛና የሚመጣ ሰው ፈልጉ እያለች ነው። ጎረቤቶች ደግሞ «ኦክስጅን አንዴ ከለመደች አለቀላት» ይላሉ። የቱን ልስማ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ኅዳር 16

እህትህ ትገባኛለች። ከሩቅ ሆነህ እጅህ የሚደርሰው ዕቃ ላይ ብቻ ነው። ዕቃ ሲላክ ደግሞ ልብ ያርፋል።

አባቴ እኔ ጋ ነው የሚኖረው፤ ማሽን አለው። ግን ያዘዘው ሐኪም ነው። ስንት ሊትር፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ሲተኛ ስንት፣ ሁሉም ተጽፎ ነው የመጣው። እዚህ አሜሪካ ለሕመምተኛ የተሠራው ማሽን በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚሸጠው። ኢንተርኔት ላይ ያለ ትእዛዝ የሚገኙ ርካሾች አሉ። ብዙዎቹ ሊትሩን ከፍ ስታደርገው የኦክስጅኑ መጠን ይወርዳል። እህትህ እሱን እንዳትገዛ ንገራት።

ሲስተር ነኝ | ኅዳር 17

በደረት ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። ውሳኔው የሐኪሟ ነው፤ ከመወሰኑ በፊት ግን የምትሠሩት ነገር አለ።

መጀመሪያ አለካኩ። እናታችሁ እንሶስላ ሞቃ ከሆነ ወይም ጥፍሯ ቀለም ካለው ቁጥሩን አትመኑት። እጇ ከቀዘቀዘም እንደዚያው። አሙቁላት፣ አምስት ደቂቃ ትቀመጥ፣ መለኪያውን ጣቷ ላይ አድርጉና ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። መለኪያው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችልም እወቁ። ለዚህ ነው ሐኪም ሲጠራጠር ከደም ቧንቧ ደም ቀድቶ የሚለካው።

ቀጥሎ ያላችሁበት ቦታ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። ጤነኛው ሰው ራሱ እዚህ 93 ወይም 94 ቢያሳይ አይገርምም። «ከ95 በታች አደገኛ ነው» የሚለው ጽሑፍ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ኦክስጅን የሚሰጠው በደም ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ነው። ትንፋሽ ማጠር ሌላ ጉዳይ ነው። 93 እያሳየ የሚያፍነው ሰው አለ፤ 85 ሆኖ «ደህና ነኝ» የሚልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 የወጡ ሁለት ጥናቶች በጣም ለወረደባቸው ሰዎች በቀን 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ኦክስጅን መውሰድ ዕድሜ እንደሚጨምር አሳይተዋል። በጣም የወረደ ሲባል ቁጭ ብሎ 88 ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። እሱም ታማሚው ባልባሰበት ጊዜ፣ ሳምንታት አራርቆ ተለክቶ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እንደ እናታችሁ መጠነኛ የወረደባቸውን ወይም ሲራመዱ ብቻ የሚወርድባቸውን 738 ሰዎች ተከታተለ። ኦክስጅኑ ዕድሜ አልጨመረም፤ ሆስፒታል መግባታቸውንም አልቀነሰም።

ሱስ የሚባለው ውሸት ነው። ኦክስጅን ሱስ አያስይዝም። ሰው ኦክስጅን ላይ ሆኖ ሲሞት የሚታየው በጠና ሲታመም ስለሚሰጠው ነው። ሌላ አደጋ ግን አለው። በዚህ በሽታ አንዳንዱ ሰው ኦክስጅን ሲበዛበት የተቃጠለው አየር በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ጠዋት ራስ ምታት፣ ድብርት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይመጣል። ስለዚህ ለነሱ ከ88 እስከ 92 እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ቤተሰብ 99 ለማድረስ ቁልፉን ሲያዞር ነው ችግር የሚፈጠረው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ፓፉን ስትወስድ አይታችኋል?

ጡረተኛው ሾፌር | ኅዳር 17

ሲስተር እግዜር ይስጥልን። እኔ ራሴ በሽተኛው ነኝ። 74 ዓመቴ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ፤ ሲጋራውን እስከ አሰብ ድረስ እያቀጣጠልኩ ነው የምሄደው። በልጅነቴ ቲቢም ይዞኝ ነበር። ስለዚህ እኔ ሰበብ አልፈልግም፣ ያንቺ እናት ግን ያሳዝናሉ።

(ይቅርታ፣ «ያንተ እናት» ለማለት ነው። መነጽሬን የልጅ ልጄ ደብቆብኛል።)

ልጄ፣ ስለ ማሽን ሳይሆን ስለ አኗኗር ልንገርህ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። መጀመሪያ ላይ እንደ ድሮዬ አንድ ጊዜ ልውጣው እል ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዓይኔ ይጨልማል። አሁን ሥርዓት አለኝ። ቆሜ አየር አስገባለሁ፤ ደረጃውን የምወጣው እያስወጣሁ ነው። ሳስወጣ ከንፈሬን አሞጥሙጬ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብዬ። ሲገባ ሁለት ብለህ ከቆጠርክ ሲወጣ አራት ቁጠር። ሁሉም ፎቅ መድረሻ ላይ አርፋለሁ። ጎረቤቶቼ ሁለተኛው ላይ በርጩማ አስቀምጠውልኛል፤ አሁን የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ዘንቢል ያሳርፉበታል።

ሲያፍንህ ቀጥ ብለህ አትቁም። ወደ ፊት ጎንበስ ብለህ እጅህን ጉልበትህ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ደገፍ አድርግ። ቤተ ክርስቲያን መቋሚያዬን ብብቴ ሥር አድርጌ ጎንበስ ስል ቅዳሴው አይከብደኝም። አባቶቻችን ይህን ለሳንባ ብለው አላመጡትም፤ እኔን ግን ጠቅሞኛል። ካልቻልኩ እቀመጣለሁ። ማንም ምንም አይለኝም።

ገላዬን ተቀምጬ ነው የምታጠበው፤ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ምክንያቱም እንፋሎት ያፍነኛል። ጫማ ማሰር ትቻለሁ፤ ማሰሪያ የሌለው ገዛሁ። ምግብ በትንሽ በትንሹ እበላለሁ። ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ በአንዴ ስሞላው ሆዴ ወደ ላይ ይገፋና ትንፋሽ ያሳጥረኛል። የንስሐ አባቴን አማክሬ መድኃኒትም ምግብም በሰዓቱ እወስዳለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን መራመድ ነው። ሰው ሲያፍነው ይቀመጣል። ሲቀመጥ እግሩ ይደክማል። እግሩ ሲደክም ትንሽ ሲሄድ ያፍነዋል። እናትህን ሱቅ መላክ አታቁሙ። ይልቅ መንገድ ላይ የምታርፍበት ቦታ አብጁላት።

ቃልኪዳን ነኝ | ኅዳር 18

ሁላችሁም ስለ መድኃኒት ብቻ ነው የምታወሩት። አክስቴ በዚሁ በሽታ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስትንከራተት ከርማ ጠበል ገብታ ነው የተሻላት። መድኃኒቱን ሁሉ ጣለችው። እምነት ይኑራችሁ።

ጡረተኛው ሾፌር | ኅዳር 18

ልጄ፣ እኔም እጠጣለሁ፤ እምነቴን ማንም አይነካብኝም። ግን በኅዳር ብርድ ንጋት ላይ በቀዝቃዛ ውሃ እናታቸውን አስጠምቁ እንዳትይ። ቀዝቃዛ አየር ራሱ ደረቴን ይዘጋዋል። አቡነ ጳውሎስ እኮ በኤችአይቪው ጊዜ ጠበልና መድኃኒት አብሮ ይወሰዳል ብለው አስተምረው ነበር። መጣል ምን አመጣው?

ሲስተር ነኝ | ኅዳር 18

ቃልኪዳን፣ አክስትሽ እንዴት ናቸው አሁን? ይህ በሽታ ራሱ ከፍና ዝቅ ይላል። በተለይ ገጠር ጠበል ቦታ የከረመ ሰው ከከተማው ጭስና ከማድቤቱ ይርቃል፤ ያ ብቻውን ያሻሽላል። መድኃኒቱን ካቆሙ ግን ጉንፋን ሲይዛቸው ይብስባቸዋል። እባክሽ ሐኪም ያያቸው።

ኮረንቲ ሠሪው | ኅዳር 19

እኔ ስለ ሳንባ አላውቅም፤ ስለ ማሽኑ ግን አንድ ቃል ካልተናገርኩ አይሆንም።

አሜሪካ የሚሸጠው በ110 ቮልት ገደማና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው። እኛ ጋ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ሰው ትራንስፎርመር ገዝቼ እሰካዋለሁ ይላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን አይነካም። ውስጡ ያለው መጭመቂያ ሞተር በ50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል፣ የሚያወጣው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ድምፁ እየተሰማ፣ መብራቱ እየበራ፣ ሰውየው ግን በቂ አያገኝም። የግድ ከተባለ «220 ቮልት 50 ኸርዝ» ተብሎ የተሠራ ይፈለግ። መመሪያው ላይ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራም ይታይ። እኛ ያለንበት ከፍታ ለአንዳንዱ ሞዴል ከወሰኑ ውጪ ነው።

ባለ 5 ሊትሩ 350 ዋት ገደማ ይበላል። በቀን 15 ሰዓት ቢሠራ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ፍጆታው አያስፈራም። የሚያስፈራው መብራት ሲጠፋ ነው። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ደቂቃዎች ነው የሚያቆየው። ወይ ደህና ባትሪ ያለው ኢንቨርተር፣ ወይ የተሞላ ሲሊንደር በመጠባበቂያ መኖር አለበት። ሁለቱም ከሌለ ማሽኑ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ሌላው እሳት ነው። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ጧፍ፣ ከሰል፣ እጣን፣ ክብሪት የለም። እናቶች ጸሎት ሲያደርጉ ጧፍ ያበራሉ፤ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ሆኖ ማለት ነው። አስቡት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ኅዳር 19

ስለ ኸርዙ የነገረን ሰው የለም። ስንት ማሽን ተልኮ እዚያ አልጋ ሥር እንደተቀመጠ አሁን ገባኝ።

የነታንያዋ | ኅዳር 20

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። በዘመቻ ሰለሞን ጊዜ የመጣን ነን። እናቴ ጎንደር ገጠር በጉልቻ ስትጋግር ኖራ፣ እዚህ መጥታ በኤሌክትሪክ ምጣድ ከጋገረች በኋላ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው በሽታው የወጣባት። መጀመሪያ አላመንንም። ሐኪሟ የድሮው ጭስ ጠባሳውን ትቶ ይሄዳል አለን።

ከሁሉ የከበዳት አክታው ነው። ሰው ፊት ማሳል ታፍራለች። አክታ መትፋት ነውር ነው ብላ ትውጠዋለች። የኩፓት ሆሊሟ (የጤና መድን ድርጅቷ) ፊዚዮቴራፒስት አንድ ነገር አስተማረቻት። እየደጋገመች በኃይል ከመሳል ይልቅ በረጅሙ አየር ታስገባና አፏን ከፍታ «ሃህ» እያለች ታስወጣለች፤ ከዚያ አንዴ ሳል። ጠዋት ውሃ ጠጥታ፣ ፓፏን ወስዳ፣ ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ታደርገዋለች። ቀኑን ሙሉ ቀለል ይላታል። ሠርግ መሄድም ጀምራለች። ያውም ወንበሯን በር አጠገብ አስይዛ፣ ከእጣኑ ርቃ።

የሳሪስ ልጅ | ታኅሣሥ 3

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሲስተር እንዳሉት ፓፉን ስትወስድ አየናት። ሁለቴ ጫን ጫን ታደርግና አፏ ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ሳንባ የሚገባ የለም። እዚያው ክሊኒክ አንዲት ነርስ በስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል በሚገባ ቱቦ) አሳየቻት። ስፔሰር ፋርማሲ ፈልገን አጣን። ነርሷ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሠራችልን። ቂጡን የፓፉን አፍ ልክ አድርጎ መብሳት ነው። በተበሳው በኩል ፓፉ ይገባል፣ በጠርሙሱ አፍ ትስባለች።

ደም ተቀድቶ ተለካ። ሐኪሙ ለጊዜው ኦክስጅን አያስፈልጋትም፣ ከሁለት ወር በኋላ ድጋሚ እናያለን አለ። እህቴ ተናደደች። «እኔ ሩቅ ስለሆንኩ ነው የማትሰሙኝ» አለች። የኮረንቲ ሠሪውን ጽሑፍ ላኩላት። ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ገንዘቡን ምን ላድርገው?» አለች።

ዋናው ጭቅጭቅ ከእናቴ ጋር ነው። እንጀራውን አልተውም ትላለች። ደንበኞቿ ናቸው የሚያጫውቷት። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ግን ቆጣሪያችን ለሦስት ግቢ የጋራ ነው። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ቆጣሪው መብራቱን ያጠፋብናል።

ሲስተር ነኝ | ታኅሣሥ 3

ደስ የሚል ዜና ነው። የሃይላንዱ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አስም ባለባቸው ሕፃናት ላይ ተሞክሮ፣ ፓፉ የሚገባበት ዙሪያው የታሸገ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር እኩል ሠርቷል። መብሻው ላይ አየር እንዳያሾልክ በፕላስተር አሽጉት። ፓፉን ነቅንቁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጫኑ፣ ቀስ ብላ በረጅሙ ትሳብ፣ እስከ 10 እየቆጠረች ትያዝ። ለሁለተኛው ደቂቃ ያህል ትጠብቅ። የጠዋት ማታው ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ደግሞ ወስዳ ስታበቃ አፏን ትጉመጥመጥና ትትፋው፤ አለዚያ አፏ ነጭ ያወጣል።

በዚህ አጋጣሚ፤ ፋርማሲ ሄዳችሁ በራሳችሁ ፕሪድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ኪኒን እየገዛችሁ እንዳትሰጧት። ሲብስ ለጥቂት ቀን ሐኪም ያዝዘዋል፤ ይሠራል። ስለሚሠራ ነው ሰው ቤቱ የሚያስቀምጠው። ሲቆይ ግን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል። እንዲህ ሆነው ዳሌያቸው ተሰብሮ የሚመጡ እናቶችን እናያለን።

ኮረንቲ ሠሪው | ታኅሣሥ 4

የእህትህን ገንዘብ ለራሳችሁ ቆጣሪ አውሉት። ወረፋ ነው፤ ግን ሲገባ ለዘላለም ነው። እስከዚያ ድረስ ምጣዱን ሌሎቹ ግቢዎች በማይጠቀሙበት ሰዓት፣ ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ መሞከር ይቻላል። ሽቦው ግን በባለሙያ ይታይ፤ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ ቤት ያቃጥላል።

ጡረተኛው ሾፌር | ታኅሣሥ 4

እናትህን እንጀራ አትጋግሪ ብሎ ማስቀመጥ ማሳመም ነው። ሊጡን ታቡካ፣ ታዝዝ፣ ትሽጥ። እሳቱ ላይ ሌላ ሰው ይቁም። በእንጨት መጋገር ግድ የሆነ ቀን ደግሞ ጣሪያ ብቻ ያለው ክፍት ዳስ ሥር ይሁን፤ እሷ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ትቀመጥ። ምርጥ ምድጃ የሚሉት በሲሚንቶ የሚሠራው፣ እሳቱን ዙሪያውን የሚከልለው፣ ማገዶም ጭስም ይቀንሳል። ጨርሶ ግን አያጠፋም።

ቡናውም አለ። ከሰሉ ውጪ ይቀጣጠል፤ ሲግም ይግባ። እጣኑ ይቅር። ባለቤቴ መጀመሪያ «ያለ እጣን ቡና ምኑ ቡና ነው» ብላ አኩርፋ ነበር፤ አሁን ለምዳለች።

ፎቅ ሁለት | ታኅሣሥ 5

ለእኔ አባት ስለ ክትባት ነግረውን ነበር። አለ እንዴ እዚህ?

ሲስተር ነኝ | ታኅሣሥ 5

የሳንባ ምችና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለነዚህ ሰዎች ይመከራል። የሳንባ ምቹ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት ከተጀመረ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ነው። ለአዋቂ ግን በግል ነው የሚፈለገው። ጠይቁ፤ ሁልጊዜ አይገኝም። ባይገኝም ጉንፋን የያዘው ሰው አይሳማቸው። ለቅሶ ቤትም ቢሆን።

ቶሎ ሐኪም ቤት የሚያስኬደውን ደግሞ ቤተሰብ ይወቀው። አክታው ከወትሮው ከበዛና ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ሰማያዊው ፓፍ በየጥቂቱ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ እግር ካበጠ፣ ያ ቀን አይለፍ። ከንፈር ከጠቆረ፣ መናገር ካቃተ፣ ከተቀባዠረ ደግሞ ያኔውኑ። የጤና መድን ደብተራቸው መታደሱን አሁኑኑ እዩ፤ ሌሊት ላይ አይፈለግም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ታኅሣሥ 6

አንድ ነገር ልጨምር። እህትህ እናታችሁን ወደዚህ ልታመጣት ካሰበች፣ ሰው አውሮፕላኑን ይፈራል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ነው የሚደረገው። አዲስ አበባም ያው ነው። እዚያ ቁጭ ብላ የምትችል ሰው አየር ላይ ብዙም አይለይባትም። የአባቴ ሐኪም ይህን ሲነግረን ተገረምን። ከዚህ ወደዚያ ስንሄድ ነው ችግሩ፤ እኛ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አንልም።

ፎቅ ሁለት | ታኅሣሥ 6

አባቴን አዳማ አክስቴ ጋ ልናቆየው አስበን ነበር፤ ይሻለዋል እንዴ?

ጡረተኛው ሾፌር | ታኅሣሥ 7

አዳማ ስወርድ ይታወቀኛል፤ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ ይሞቃልም። አቧራው ግን አለ፤ ነፋስ ያለበት ቀን ቤት ነኝ። ሞክሩት፣ ለአንድ ወር ይቆይና እዩ። የሚከታተለው ሐኪም ማን እንደሚሆን ግን ሳትጠይቁ እንዳትወስዱት። መድኃኒቱን ከነወረቀቱ ይያዝ። ፓፉ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይሁን።

ለሳሪሱም፤ እናትህ ለበረራ ከተነሱ ቦሌ ላይ የሚገፋ ወንበር ቀድማችሁ እዘዙ። ሰልፉም፣ እርምጃውም ረጅም ነው። «እኔ ምን ሆንኩና» ይላሉ። እኔም ብዬ ነበር። እዘዙ።